ሀዋሳ ላይ ከአደጋ የተረፉ ወገኖችን ስፖርት ለምታሠራው እህታችን ምስጋና

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ላይ ከደረሰው የመሬት መንሸራተት ተርፈው ሀዋሳ ዘመድ ጋ የተጠጉ ሰዎችን ፍቅር ሐይቅ ዳር ለምታሠራው አሠልጣኝ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌሊት የሚባንን፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ያላችሁ ወደ እሷ ውሰዱት።

ትልቁ ችሎታዋ አጀማመሯ ላይ ነው። ሩጫ ልብን ድው ድው ያደርጋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ላብ ያመጣል፤ ሰቀቀን ሲነሳም ሰውነት የሚሆነው ያው ነው። ጎፋ ላይ ደግሞ ሌሎችን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ቀብሯቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚያስሮጥ አሠልጣኝ የአደጋውን ትዝታ ይቀሰቅስባቸዋል፤ በማግስቱም አይመለሱም። እሷ ግን አስቀድማ፣ «እማማ፣ አሁን ልብዎ ይመታል፤ እግርዎ ስለሠራ ነው፣ ቀስ ስንል ይረጋል» ትላለች። ሁለት ደቂቃ ፈጠን ታደርግና ታዘገያቸዋለች። የእጃቸውን አንጓ ይዘው የልብ ምታቸውን 15 ሰከንድ ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ሲወርድ በጣታቸው ያዩታል። ፍርሃቱ የሚላላው እዚያች ላይ ነው።

ሰዉ ከለመደ በኋላ 10 ደቂቃ ዘና ያለ እርምጃ፣ 20 ደቂቃ ፈጣን፣ 10 ደቂቃ ደግሞ እየቀነሱ መራመድ ነው። ልኩ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ነው፤ ለ40 ዓመት ሰው በ15 ሰከንድ ከ27 እስከ 31 ምት ገደማ። ድንገት ማቆም አይፈቀድም፤ ደም እግር ላይ ይቀርና ያዞራል፣ ማዞሩም ያስደነግጣል። ሰቀቀን እንዳይነሳባቸውም ፊሽካ አትነፋም፣ ዓይን አታስጨፍንም።

ጠዋት የምታሠራው ለእንቅልፍ ብላ ነው፤ የማለዳ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ከባድ ስፖርት ግን ያነቃል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ቡናም ታስቀራለች፤ ሦስተኛውን ስኒ ለማስተው ከእናቶች ጋር ብዙ ትከራከራለች፣ ልክም ናት። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም።

መድኃኒት አቁሙ አትልም። ደረቱን የሚያመውን፣ ግፊት ያለበትን ሐኪም ሳያየው አታስጀምርም። «ባልተረፍኩ» የሚል ሰው ካጋጠማት ቀጠሮ አትጠብቅም፣ በዚያው ቀን አብራው ወደ አእምሮ ሕክምና ትሄዳለች።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የማያንሸራትት ጫማና ውሃ ይያዝ፤ ለመጀመሪያው ቀን አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው።