ባሽአርሲዬን ለሼሟ ከሰጠሁ በኋላ

ላፕቶፔ አንድ ጠዋት አልነሳም አለ። ዲስኩ አልቆለት ነበር። ፎቶዎቼና ሰነዶቼ ባክአፕ ነበራቸው፤ ባሽአርሲዬ ግን፣ ማለትም የተርሚናሌ (ትእዛዝ የምጽፍበት መስኮት) ማስተካከያዎችና አቋራጭ ትእዛዞች ያሉበት ፋይል፣ አልነበረውም። ለዓመታት አንድ አንድ መስመር እያልኩ ያጠራቀምኩት ፋይል ነው። አዲሱ ማሽን ላይ ተርሚናል ከፍቼ እንደ ልማዴ «ጂኤል» የሚለውን አቋራጬን ጻፍኩ። እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም አለኝ። ጣቴ ያስታውሰዋል፤ ከጀርባው የነበረውን ረጅም የጊት (የፋይል ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ትእዛዝ ግን እኔው ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ የማስተካከያ ፋይሎችን ጊት ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሞከርኩት በሲምሊንክ (ሌላ ቦታ ወዳለ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ፋይሉ ሪፖው (የጊት ማከማቻው) ውስጥ ይቀመጣል፣ ሆም ዳይሬክተሪው (የተጠቃሚው ዋና ፎልደር) ላይ ሊንኩ ብቻ ይቀራል። ቆንጆ ነው። ለካ ሳላስተውል አንዱን ፎልደር እንዳለ ሊንክ አድርጌው ኖሯል። አንድ ፕሮግራም የመግቢያ ቶክኑን (እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል ሚስጥራዊ ኮድ) እዚያው ጻፈ፤ እኔም «ጊት አድ ነጥብ» ብዬ ሁሉንም ጠርጌ ፑሽ አደረግኩት (ወደ ሰርቨር ላክሁት)። በማግስቱ ፋይሉን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? ጊት የድሮውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) አይረሳም። ቶክኑን ሰርዤ አዲስ ማውጣት ግድ ሆነብኝ።

እንዲህ ያሉ የማስተካከያ ፋይሎችን ወደሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ወደ ሼሟ፣ የመጣሁት ያኔ ነው። ነጻና ክፍት ምንጭ ነው፣ «ጎ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል፣ ስሙም በፈረንሳይኛ «እኔ ቤት» ማለት ነው። ይሄኛው ሊንክ አያደርግም፣ ይገለብጣል። የራሱን ቅጂ በራሱ ፎልደር ይይዝና «አፕላይ» ስትሉት ብቻ እውነተኛውን ፋይል ቦታው ላይ ይጽፋል። እኔ «አድ» ያላልኩት ፋይል ሹልክ ብሎ ሪፖ ውስጥ አይገባም።

የወደድኩለት ቴምፕሌቱን ነው፤ እንደ ማሽኑ ይዘቱ የሚለዋወጥ ንድፍ ፋይል ማለት ነው። የሥራ ማሽኔ ማክ ነው፣ የግሌ ሊኑክስ። ድሮ የሥራ ኮሚት በግል ኢሜይሌ እየላክሁ አፍር ነበር። አሁን ያለኝ አንድ ጊትኮንፊግ (የጊት ማስተካከያ ፋይል) ነው፤ የማሽኑን ስም አይቶ ኢሜይሉን ራሱ ይመርጣል። ሲያዩት ግን ያስጠላል። በየመስመሩ ድርብ ጥምዝ ቅንፍ። የፋይሎቹም ስም ግር ይላል፦ በስማቸው መጀመሪያ ባለው ነጥብ ፋንታ «ዶት» ይገባል፣ ሌላ ሰው እንዳያነበው ከተፈለገ ደግሞ «ፕራይቬት» ከፊቱ ይለጠፋል። ይለመዳል።

አንድ ቀን እውነተኛውን ቪምአርሲ (ቪም የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያዬ ማስተካከያ ፋይል) በቀጥታ ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ስነካካው ቆየሁ። ከዚያ «አፕላይ»። ፋይሉ ተቀይሯል፣ ልጻፍበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳላነብ እሺ አልኩት፣ ድካሜ ገደል ገባ። ጥፋቱ የኔ ነው። የተነካካውን ፋይል ወደ ሼሟ ቅጂ የሚመልስ «ሪ-አድ» የሚባል ትእዛዝ እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አሁን «ዲፍ» ብዬ ልዩነቱን ሳላይ ምንም አልነካም።

ያላችሁ አንድ ማሽን ብቻ ከሆነ ተራ ጊት ይበቃችኋል፣ በከንቱ አትድከሙ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሞክሩት። ሚስጥራዊ ፋይሎችንም በጂፒጂ (የምስጠራ ፕሮግራም) ቆልፎ ያስቀምጣል። እኔ ግን የኤስኤስኤች ቁልፌን (ከርቀት ሌላ ማሽን ውስጥ የምገባበትን) እስካሁን አላስገባሁም። ከቶክኑ ወዲህ ፈሪ ሆኛለሁ።