ጣናን ከጎንደር ሆኖ ማየት፦ የኮፐርኒከስ ነፃ የሳተላይት ምስል በተጠቃሚ ዓይን

ከሁለት ወጣት ባልደረቦቼ ጋር ፒያሳ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል የካርታ ሥራ መሥራት ከጀመርን ሁለት ዓመት አለፈን። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድም ብር ሳንከፍልበት ከሁሉ ይልቅ ያገለገለን የአውሮፓ ኅብረት ኮፐርኒከስ በተባለው መርሐ ግብሩ ለማንም ሰው ክፍት ያደረገው የሳተላይት ምስል ነው። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ እንዲህ ያለው ነገር ለትልልቅ ተቋማት ብቻ የተፈቀደ ስለሚመስላቸው፣ የአገልግሎቱን ጥንካሬና ድክመት እንዳየሁት ለመጻፍ ወደድሁ።

እኛ አዘውትረን የምንጠቀምበት እምቦጭን ለመከታተል ነው። አረሙ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ቀድሞ የተስፋፋውም ወደ እኛ በሚቀርበው በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያና በደምቢያ በኩል ነው። ዳርቻውን በጀልባ ዞሮ መለካት ነዳጅና ቀናት የሚፈጅ በመሆኑ ከላይ የሚያይ ዓይን አስፈልጎን ነበር፤ ያንን ዓይን የሰጠን ሴንቲኔል 2 የተባለው የሳተላይት ጥንድ ነው። ጥንዱ በየ5 ቀኑ፣ ረፋድ ላይ 5 ሰዓት ገደማ በአካባቢያችን ላይ ያልፋል። በምስሉ ላይ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬትን ስለሚወክል፣ ሩብ ሄክታር የምትሆን የአንድ ገበሬ ማሳ በ25 ነጥቦች ትታያለች ማለት ነው።

የኮፐርኒከስን ድረ ገጽ ከፍቶ ምስል ለመመልከት መመዝገብ አያስፈልግም። ለማውረድ ሲፈለግ ግን በኢሜይል ነፃ መለያ መክፈት ግድ ነው፤ ከዚያ ያለፈ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ፊርማና ማኅተም የሚጠይቅ የለም። ቀን ይመረጣል፣ የሚፈቀደው የደመና መጠን ይወሰናል፣ ከዚያ ምስሉ ይመጣል። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ሳተላይቱ በዓይን የማይታየውንም ብርሃን የሚመዘግብ መሆኑ ነው። ለምለም ቅጠል ይህን ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልሰው፣ ቀለሙ በቀይ እንዲወከል ሲደረግ ውኃው ጠቁሮ እምቦጩ ውኃ ላይ እንደ ተደፋ በርበሬ ቀልቶ ይወጣል።

ባለፈው ታኅሣሥ በ5 ቀን ልዩነት የተነሡ ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን አትመን ወደ ጎርጎራ ይዘን ወረድን። በመጀመሪያው ከመገጭ መግቢያ ፊት ለፊት ተዘርግቶ የነበረ ቀይ ሰቅ በሁለተኛው ከቦታው ተነሥቶ ነበርና፣ ስሕተቱ ከእኛ ስሌት ይሆን ብለን ተጨንቀን ነበር። አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ወረቀቱን ተቀብለው፣ የማይንቀሳቀሰውን ሌላ ቀይ ቦታ በጣታቸው እየነኩ «ይኼማ ደንገል ነው ልጄ። እምቦጭ እኮ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ነፋስ ነው የሚነዳው» አሉን። በሁለቱ ምስሎች መካከል የተንቀሳቀሰውን እምቦጭ፣ የቆመውን ደግሞ ደንገል ወይም የዳርቻ ሰብል ሊሆን እንደሚችል አድርጎ መለየት የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ምስሉ ብቻውን ይህን አይነግርም፤ ስለዚህ አገልግሎቱን ስመክር የአካባቢውን ሰው ከመጠየቅ ጋር እንጂ በእርሱ ምትክ አይደለም።

ድክመቶቹ ቀላል አይደሉም። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ስለሚደፈን አገልግሎቱ ለሳምንታት ጥቅም የማይሰጥበት ጊዜ አለ። ሴንቲኔል 1 የተባለው በራዳር የሚሠራው ሳተላይት ደመናን አልፎ ያያል፤ ሆኖም ምስሉን ለማንበብ ተጨማሪ ሥልጠና ያሻል። የአንድ ሙሉ ምስል ፋይል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት በመሆኑ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን ማውረድ ተስፋ ያስቆርጣል፤ እኛ የምናወርደው ሌሊት ነው፣ ሲቻልም የምንፈልገውን ቦታ ብቻ ቆርጠን እንወስዳለን። ከ10 ሜትር ያነሰች ቅንጣት አረም አትታይም። ድረ ገጹ አማርኛ አለመኖሩም ለተማሪዎች መሰናክል ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከፍተኛ ነጥብ የምሰጠው መረጃውን ያወጣው ወገን «ምን ልታደርግበት ነው?» በሚል ጥርጣሬ አለመጀመሩ ነው። በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ላንድሳት የተባለው የአገሪቱ ሳተላይት አንድ ምስል እስከ 2008 እ.ኤ.አ. 600 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር፤ ነፃ ከሆነ በኋላ ተጠቃሚው እጅግ በዛ፣ ሳተላይቱ ሲመጥቅ ያልታሰቡ ሥራዎችም ተሠሩበት። ለምስሎቹ የከፈለው ግብር ከፋይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ተጨማሪ ሰው ቢጠቀምባቸው ከመንግሥት ካዝና የሚጎድለው እጅግ ጥቂት ነው።

የእኛ ችግር የሚጀምረው ከሳተላይቱ ወርደን ከምድር ላይ መረጃ ስንፈልግ ነው። የእምቦጩን እንቅስቃሴ ከወንዝ ፍሰትና ከዝናብ ጋር ለማገናዘብ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገብተን ለወራት ተመላለስን። በመጨረሻ የተሰጠን ስካን የተደረገ ወረቀት ሲሆን፣ ክቡ ማኅተም ያረፈው የሁለት ወር ቁጥሮች ላይ ነበር። ባልደረባዬ ያንን በእጁ ወደ ኤክሴል ሲገለብጥ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ከማኅተሙ ሥር ያሉትን ቁጥሮች ግን እስከ ዛሬ አላወቅናቸውም። ሠራተኞቹን በክፋት አልከሳቸውም፤ መረጃ ሰጥቶ ከመጠየቅ ይልቅ ከልክሎ መቀመጥ ለእነርሱ የሚያዋጣ ስለሆነ ነው።

የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ የመንግሥትን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ ምላሹም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። መብቱ ትልቅ ነው፤ ግን አንድ ወጣት ሐሳቡን ለመፈተን ብቻ በየጊዜው ማመልከቻ እየጻፈ ሊሠራ አይችልም። ለፈጠራ የሚረዳው ማንም ሳይጠይቅ አስቀድሞ የተለቀቀ መረጃ ነው። የዕለት ዝናብ፣ የወንዞች ፍሰት፣ የቀበሌ ወሰን ካርታ፣ የገበያ ዋጋ የማንንም ገመና አይነኩም። የሰዎች የግል መረጃ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለሚጠብቀው ከሚለቀቀው ጋር ሊቀላቀል አይገባም። የሚለቀቀውም ኮምፒውተር በሚያነበው ሠንጠረዥ፣ መለኪያውና የተለካበት ቀን ተጽፎበት፣ በየወሩ እየታደሰ መሆን አለበት። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ መሥሪያ ቤቶቹ አብዛኛውን በኮምፒውተራቸው ይዘውታል።

በአገልግሎቱ መጀመር የሚፈልግ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ካሉት ቀናት ቢመርጥ ሰማዩ ጥርት ያለ ምስል ያገኛል። መጀመሪያ ምንም ሳያወርድ በደንብ የሚያውቀውን ቦታ፣ ለምሳሌ የአንገረብን ግድብ፣ በተለያዩ ወራት ከፍቶ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ይመልከት፤ ቀለሞቹን ማንበብ በዚያ ይለመዳል። ሥራውን ሲያሳትም ምስሉ ከኮፐርኒከስ መገኘቱንና ዓመቱን መጥቀስ አለበት፤ በክፍያ ፈንታ የሚጠየቀው እርሱ ብቻ ነው።