ቁጭ ብለው ላዩኝ ሲስተር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ 2 ዓመት ዘግይቻለሁ። ያኔ ልጽፍ አስቤ እንቅልፍ አሸነፈኝ። ከዚያ በኋላማ ልጅ ማሳደግ ነው፣ ታውቁታላችሁ። አሁን ሁለተኛዬን አርግዤ 7ኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት እሳቸው ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ስወጣ ነው "ኧረ እኚህን ሴት ሰው ይወቃቸው" ያልኩት።

ሲስተር አዋላጅ ነርስ ናቸው። ማጥባት ያቃታቸውን አራሶች ቤት ድረስ እየሄዱ ያግዛሉ። ስማቸውን እንድጽፍ ግን አልፈቀዱም። "ስሜ ምን ያደርግላቸዋል? ሥራውን ጻፊላቸው" አሉኝ። እሺ፣ ሥራውን ልጻፍ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩበት ቦታ ስሙ ይቅር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ጥድፊያ ላይ ነበሩ። አንዷ መጥታ ጡቴን ጨበጥ አድርጋ ልጁ አፍ ውስጥ ከተተችና "ይኸው ያዘ" ብላ ሄደች። በማግስቱ ወደ ቤት ተሸኘን። በ3ኛው ቀን ሌሊት ጡቴ አግቶ ድንጋይ ሆነ። ጫፉ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ልጁ አፉን ሲከፍት ሳይ ገና ሳይነካኝ የእግሬ ጣቶች ይኮማተራሉ። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ባለቤቴ በውድቅት ሌሊት የዱቄት ወተት ይዞ መጣ። ያየኝ ሁሉ "ወተትሽ አልበቃውም" ይለኛል። እኔም አመንኩ። ጡቴ በወተት ተወጥሮ ሊፈነዳ እየደረሰ ወተት የለኝም ብዬ ማመኔ አሁን ያስቀኛል። ያኔ ግን አላሳቀኝም።

በ4ኛው ቀን ሲስተር መጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ወንበር ሳቡ፣ "እስቲ አጥቢው ልየው" አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔ የጠበቅኩት አንዳች ነገር እንዲሰጡኝ ነበር፤ ኪኒን፣ ቅባት፣ ምክር። እሳቸው ቁጭ ብለው ማየት ብቻ። የልጁን ጉንጭ ያያሉ፣ አገጩን ያያሉ፣ ጆሯቸውን ቀረብ አድርገው ያዳምጣሉ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥሞና ያየኝ የጤና ባለሙያ አላስታውስም።

ልጁ ሲለቅ "አሁን ጫፉን እዪው" አሉኝ። አየሁት። ልክ እንደ አዲስ ሊፒስቲክ በአንድ በኩል ሰያፍ ሆኖ ተጨፍልቋል። መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ወጥቷል። "የኔ ልጅ፣ ወተት አላጣሽም። የያዘው ጫፉን ብቻ ነው። ጫፉን እያኘከ ወተት ከየት ይመጣለታል?"

ነገሩ ለካ የተጠላለፈ ነው። ጡቴ ከመወጠሩ የተነሳ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለው ክፍል እንደ ኳስ ጠጥሯል። ልጁ አፉን ሞልቶ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ጫፉን ይይዛል። ጫፉን ሲይዝ እኔን ያመኛል፣ ወተቱም አይወጣም። ወተቱ ካልወጣ ደግሞ ጡቱ ይብስ ይወጠራል።

ሲስተር የጣቶቼን ጫፎች በጡቴ ጫፍ ዙሪያ አስቀመጡልኝና ወደ ደረቴ አቅጣጫ ቀስ ብዬ እንድጫን አደረጉ። ማሸት የለም፣ መጭመቅ የለም። ዝም ብሎ ተጭኖ 1 ደቂቃ ያህል መቆየት ነው። ከዚያ ጣቶቹን ቦታ ቀይሮ እንደገና። በአይኔ እያየሁ ያ የጠጠረው ቦታ ለሰለሰ፤ ጎድጎድ ያሉ የጣት ምልክቶች ቀሩበት። ትንሽ በእጄ አለብኩና ጠብታዎች ወጡ።

ከዚያ አያያዙ መጣ። ሆዱን ከሆዴ አገጣጠሙት። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ሆኑ፤ አንገቱን ጠምዞ መጥባት ቀረ። አፍንጫውን ከጡቴ ጫፍ ትይዩ አድርገው "ቆይ፣ አትቸኩዪ" አሉኝ። ጫፉ ከንፈሩን ሲነካው ልክ እንደሚያዛጋ ሰው አፉን በሰፊው ከፈተ። ያን ጊዜ ጀርባውን ይዘው ወደ እኔ አስጠጉት። ልብ በሉ፣ ጡቴን ወደ ልጁ አልወሰዱትም፣ ልጁን ነው ወደ ጡቴ ያመጡት። መጀመሪያ የነካኝ አገጩ ነው። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ። ከላይ ከአፉ በላይ ጠቆር ያለው ክፍል በደንብ ይታያል፣ ከታች ግን ተውጧል።

መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ጠባ። ከዚያ ዘገም አለ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ "ኸ" የምትል ስስ የመዋጥ ድምፅ። ሲስተር ጣታቸውን አነሱ። "ሰማሽ?" ሰማሁ። 4 ቀን ሙሉ ሰምቻት የማላውቃት ድምፅ ነች።

ካመመሽ ደግሞ አትታገሺ አሉኝ። ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ አስለቅቆ እንደገና መሞከር ነው። ሳያስለቅቁ መጎተት ጫፉን ይቆርጠዋል።

በቀጣዮቹ ቀናት ሲመላለሱ ብዙ ነገር አስረዱኝ። እንገሩ፣ ያ ቢጫ ወፍራሙ፣ ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ጡት ውስጥ ይዘጋጃል። በመጀመሪያው ቀን በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነው፤ የሕፃኑም ሆድ የሚፈልገው ያንኑ ነው። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ወተቱን ይዞት የነበረው ሆርሞን ይወርዳል፤ ከዚያ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሆርሞን ብቻ አይደለም። ጡት የሚያመርተው የወጣለትን ያህል ነው። ወተት ተጠራቅሞ ከቆየበት "ፈላጊ የለም" ብሎ ይቀንሳል። ለዚህ ነው በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢ የሚሉት። የሌሊቷን አትዝለዪ የሚሉትም ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ስለሚል ነው። የጡቱ ትልቅነት ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ መጠኑን የሚወስነው በአብዛኛው ስቡ ነው፣ ወተቱን የሚሠራው እጢው ነው።

ውሃን በተመለከተ በቀን ስንት ሊትር ልጠጣ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሲጠማሽ ጠጪ" አሉኝ። በቃ። ከልክ በላይ ብትጠጪ ወተት አይጨምርም፣ መጸዳጃ ቤት ያመላልስሻል እንጂ።

የዱቄት ወተቱን ሲያዩ ይቆጣሉ ብዬ ደብቄው ነበር። አልተቆጡም። "መጀመሪያ ልጁን እንመዝነው" አሉ። ሲወለድ ከነበረው 8 በመቶ ቀንሷል። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነሳቸው የተለመደ ነው፤ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ግን በደንብ መከታተል ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ ሊመዝኑት ተስማማን። ለባለቤቴም ሥራ ሰጡት፤ ዳይፐር መቁጠር። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ 6 የረጠበ ዳይፐር ከተገኘ ወተቱ እየገባ ነው። እሱ ደግሞ ነገሩን አክብዶት ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ በሰዓት ይመዘግብ ጀመር። ልጁ በ12ኛው ቀን ወደ ተወለደበት ክብደቱ ተመለሰ። የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ያለፈው ወር ድረስ የቁልፎች ማስቀመጫ ነበር።

ሲስተር ሁሉም እናት ይበቃታል ብለው አይሰብኩም። ይህን ወድጄላቸዋለሁ። የጡት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የታይሮይድ ችግር ያለባት ሴት የእውነት ሊያንሳት ይችላል። "እንዲህ ያለችዋን ጠንክሪ ማለት ጭካኔ ነው፤ ያላትን ታጥባ፣ የጎደለውን እንሙላላት" ይላሉ።

በ6ኛው ሳምንት ሌላ ጉድ መጣ። በአንድ ጡቴ በኩል ቀይ ሆነ፣ አቃጠለኝ፣ ትኩሳቴ 39 ገባ። እኔ ሆዬ የሆነ ቪዲዮ አይቼ ያበጠውን ቦታ እንደ ጉድ ሳሸው ነበር። ስደውልላቸው ጮኹብኝ። "ሊጥ መሰለሽ እንዴ?" ማሸቱ ውስጡን ይበልጥ ያሳብጠዋል። ቀዝቃዛ ነገር አድርጊበት፣ ማጥባቱን እንደወትሮው ቀጥይ፣ ባዶ ላድርገው ብለሽ ደጋግመሽ አታልቢ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂጂ አሉኝ። ድንገት ማጥባት ማቆሙ ነው የሚብሰው። ሐኪሙ እያጠባሁ የምወስደው አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ፤ በ2 ቀን ቀለል አለኝ። "መድኃኒት ማዘዝ የኔ ሥራ አይደለም" ብለው ወሰናቸውን ማወቃቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራ ስመለስ በእጅ ማለብን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የታለበ ወተት ቤት ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። በማይክሮዌቭ ማሞቅ የለም፤ አንዱ ጥግ ቀዝቅዞ ሌላው አፍ ያቃጥላል። ልጄ ከዚያ በኋላ እስከ 6 ወሩ ከጡት ሌላ አልቀመሰም፣ ከምግብ ጋርም ቀጠለ። ይህችኛዋን ሳረግዝ ወተቱ እየቀነሰ ሄደና ራሱ ተወው። እርግዝና ወተት እንደሚቀንስ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት። በመጀመሪያው እርግዝናዬ የጡቴን ጫፍ በፎጣ እየፈተግኩ "አጠነክረው" ነበር፣ በሳሙናም እጥበው ነበር። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። በጫፉ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ እብጠቶች የራሳቸውን ቅባት ያመነጫሉ። ሳሙና ያንን ያጥበዋል፣ ፎጣው ያቆስለዋል። ውሃ ይበቃል። ጫፉ ወደ ውስጥ ቢገባም ከወዲሁ መጎተት አያስፈልግም፤ ሕፃን የሚጠባው ጡቱን ነው። በእርግዝና ጠብ ጠብ ማለቱም አለማለቱም ስለ ኋላው ወተት የሚናገረው የለም።

ጡቴንም በእጃቸው መረመሩ። ደህና ነው። ግን አንዲት ጓደኛዬ ነፍሰ ጡር ሆና ያገኘችውን እብጠት "ወተት ነው" ብላ ልትተወው እንደነበር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። የማይጠፋ እብጠት፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ የቆዳ መጎድጎድ ካለ እርግዝናም ሆነ ማጥባት ምክንያት አይሆንም። አልትራሳውንድ ለነፍሰ ጡር ችግር የለውም። ትሂድ አሉ። ሄደች፤ ደግነቱ የማያሰጋ ነው ተባለች።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ ብዙ ጊዜ አያነሱም፣ ጽሑፍ ላኩላቸው። በቀጠሮ ሰዓት አይደርሱም፤ የዘገዩት ግን ሌላ አራስ ጋ ቁጭ ብለው ነው። ንግግራቸውም ቆጣ ያለ ነው፤ ስታጠቡ ስልክ ይዛችሁ ካገኟችሁ አለቀላችሁ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ራቅ ያላችሁ ደግሞ በእርግዝና ክትትላችሁ ወቅት ማጥባት ላይ የሠለጠነች አዋላጅ ካለች ጠይቁ። ስታገኟትም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋት፤ "ሳጠባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ?"

ሲስተር፣ ይህን ካነበቡት፣ ቀኔ ሊደርስ 2 ወር ቀርቶኛል። ወንበርዎ አልጋው አጠገብ ነው፣ አላነሳሁትም።