የጣሪያ ላይ ብስክሌት መያዣ፦ ተጎታች እየጎተቱ የዘጠኝ ወር አጠቃቀም

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ሁለቱም ጎማ ሳይወልቅ ብስክሌትን ቀጥ አድርጎ በመኪና ጣሪያ ላይ የሚያቆም መያዣን ነው። ከታች ጎማ የሚያርፍበት ረጅም ቦይ፣ ከጎኑ የብስክሌቱን ፍሬም የሚጨብጥ ክንድ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ የጎማ ማሰሪያ ቀበቶ አለው። ሁለት መያዣዎች በፖርቶመጋላው አግዳሚ ብረቶች ላይ ጎን ለጎን ተገጥመው ለዘጠኝ ወር የሠሩት ባለ አንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) የመኝታ ተጎታች በሚጎትት መኪና ላይ ነው። መያዣው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለሁሉም ብስክሌትና ለሁሉም መኪና ግን አይሆንም። ያንን የሚወስነው ክብደት ነውና ከእሱ እንጀምር።

ብስክሌት ለመጫን ምቹው ቦታ የመኪናው ጀርባ ነበር። ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንሳት አያደክምም፣ ነፋስም ብዙ አያገኘውም። ችግሩ ተጎታቹም የሚፈልገው ያንኑ ቦታ መሆኑ ነው። በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚቆነጠጥ መያዣ ኳሱን ስለሚይዘው ተጎታች የሚያያዝበት ቦታ አይተርፍም። በኋላው በር ላይ በቀበቶ የሚታሰረው ዓይነት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ምንም አይልም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ግን የተጎታቹ የፊት ጥግ ወደ መኪናው እየተጠጋ መጥቶ የብስክሌቱን መሪና ፔዳል ይገፋል። ወደ ኋላ እየሄዱ ሲያቆሙ ደግሞ ይብሳል፤ ሹፌሩ የሚያየው የጎን ስፖኪዮን እንጂ ያንን ክፍተት አይደለም። ኳሱን ወደ ኋላ የሚያርቅ ማራዘሚያ ብረት አስገብቶ ለመያዣው ቦታ መፍጠርም የሚሞከር ነገር ነው። ኳሱ በራቀ ቁጥር ግን ያው ክብደት የመኪናውን ጀርባ አብልጦ ይጫናል፣ የፊት ጎማዎቹንም ያቀላል። ስለዚህ ማራዘሚያ ሲገባ መጎተቻው እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት ይቀንሳል፤ የመኪናው መመሪያ በግልጽ ካልፈቀደው ቢቀር ይሻላል።

አሁን ወደ ኳሱ ጭነት፣ ማለትም ተጎታቹ ኳሱ ላይ ቁልቁል ወደሚያሳርፈው ክብደት እንምጣ። ብዙ የቤት መኪናዎች ከ75 እስከ 100 ኪሎ ይፈቅዳሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያና በመጎተቻው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ከተለያዩ የሚሠራው ትንሹ ነው። ብስክሌቶቹን ጣሪያ ላይ ከመስቀል በተጎታቹ አንገት ላይ፣ ከጋዝ ሳጥኑ ፊት ለፊት ለማቆም የሚያስብ ሰው ይህን ስሌት ይሥራ። ከተጎታቹ አክስል እስከ ኳሱ 4 ሜትር ነው እንበል። መያዣው ከኳሱ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢገጠም ከአክስሉ 3.2 ሜትር ይርቃል። 3.2 ለ4 ሲካፈል 0.8 ነው። ሁለት ብስክሌትና መያዣው አንድ ላይ 42 ኪሎ ቢሆኑ ኳሱ ላይ 33.6 ኪሎ ጨመሩ ማለት ነው። ቀድሞ 60 ኪሎ የነበረው ወደ 94 ተጠጋ፤ የመኪናው ገደብ 80 ከሆነ አለቀለት። ከባዱን ዕቃ ከፊት ወደ አክስሉ ላይ በማሸጋሸግ ጥቂት ኪሎ ማስመለስ ይቻላል፤ 14 ኪሎ ለማስመለስ ግን ብዙ ነገር መነቀል አለበት።

ያንኑ 42 ኪሎ ከተጎታቹ ጀርባ፣ ከአክስሉ 2.5 ሜትር ወደ ኋላ ብናስቀምጠው ደግሞ ከኳሱ ላይ 26 ኪሎ ያህል ያነሳል። 60 የነበረው 34 ይቀራል። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ኳሱ ላይ የቀለለና ጀርባው የከበደ ተጎታች በፍጥነት ሲጎተት ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ በኋላ ማስቆሙ ከባድ ነው። በጀርባ ግድግዳው ላይ መያዣ የተገጠመለት ተጎታች ቢኖርም እንኳ ከመጫኑ በፊትና በኋላ ኳሱ ላይ የሚያርፈውን መለካት ግዴታ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ተጎታቹን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጎ፣ የሰው መመዘኛ ሚዛን ከመያያዣው፣ ማለትም ኳሱ ላይ ከሚገጠመው የተጎታቹ አፍ ሥር ማስቀመጥ። በሚዛኑና በመያያዣው መካከል የሚቆመው እንጨት ርዝመት መያያዣው ኳሱ ላይ በሚሆንበት ከፍታ እንዲቆም የሚያደርግ መሆን አለበት፤ አፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ቁጥሩ ያሳስታል። ከዚያ የተጎታቹን ትንሿን የፊት ጎማ ቀስ ብሎ ማንሳትና ማንበብ ነው። መለካት ያለበት ለጉዞ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ነው፤ የውኃ ታንከሩ ባዶ ሳለ የተለካ ቁጥር ታንከሩ ሲሞላ አይሠራም።

ጣሪያው የሚመረጠው ለዚህ ነው፦ ብስክሌቶቹ የኳሱን ጭነት አይነኩም፣ በተጎታቹና በመኪናው መካከል ያለው ክፍተትም ነጻ ይሆናል። ጣሪያ ግን የራሱ ገደብ አለው። እዚህ የጣሪያው ገደብ 75 ኪሎ ነው፤ በዚህ ውስጥ አግዳሚ ብረቶቹና መያዣዎቹ ራሳቸው ይቆጠራሉ፣ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው። ሁለቱ አግዳሚዎች 6 ኪሎ፣ ሁለቱ መያዣዎች 15 ኪሎ፣ ብስክሌቶቹ 14 እና 15 ኪሎ፤ ድምሩ 50 ኪሎ። የቀረው 25 ኪሎ ለአንድ ተጨማሪ መያዣና ብስክሌት ይበቃል፤ ስፋቱ ግን ሦስቱን በምቾት አያስቆምም። በተጨማሪ ይህ 50 ኪሎ፣ ኳሱ ላይ ያረፈው ክብደት፣ ተሳፋሪውና ሻንጣው ሁሉ ተደምረው ከመኪናው አጠቃላይ የተፈቀደ ክብደት ማለፍ የለባቸውም። የኳሱ ጭነት መኪናው የተሸከመው ዕቃ ነው። አራት ሰው ይዞ ተጎታች የሚጎትት ትንሽ መኪና ጣሪያው ሳይሞላ እዚህ ላይ ሊሞላ ይችላል።

አንድ መያዣ የሚችለው ቢበዛ 20 ኪሎ ነው። በባትሪ የሚሠራ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ22 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባትሪውን ማውጣት 3 ኪሎ ያህል ይቀንሳል፣ አንዳንዱንም ከገደቡ በታች ያወርደዋል፤ ሆኖም 20 ኪሎ ዕቃ ከራስ በላይ አንስቶ በቀጭን ቦይ ላይ ማስቀመጥ ለአንድ ሰው የሚመከር ሥራ አይደለም።

አገጣጠሙ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል። መያዣውን ሙሉ በሙሉ ከማጥበቅ በፊት ብስክሌት ጭኖ የኋላውን በር እስከ መጨረሻው መክፈት ያስፈልጋል። በሩ ሲነሳ የብስክሌቱን ጎማ ወይም የቦዩን ጫፍ የሚመታ ከሆነ መያዣውን ወደ ፊት ማንሸራተት ነው። ተጎታች ከተያያዘ በኋላ ደግሞ በሩ ከታች በኩል የተጎታቹን የፊት ጎማ ማንሻ እጀታ ሊመታ ስለሚችል ያም አብሮ ይታይ። ሁለቱን ብስክሌቶች አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ መጫን መሪዎቹ እንዳይጋጩ ያደርጋል፤ ወደ ኋላ ማዞርን የመያዣው መመሪያ የሚፈቅድ መሆኑ ግን መታየት አለበት። ቡሎኖቹ መመሪያው በጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ይጠብቃሉ። ከጠበቁ በኋላ ቡሎኑንና የተቀመጠበትን ብረት የሚያቋርጥ ቀጭን የቀለም መስመር መሳል በጣም ይረዳል፦ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል ማለት ነው፣ ቁልፍ ሳያወጡ በዓይን ይታያል።

አጫጫኑ ላይ ብዙ ስህተት የሚሠራው ክንዱ ላይ ነው። መንጋጋው መጨበጥ ያለበት ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ወፍራም ቧንቧ ነው። የፍሬን ሽቦ ወይም የዘይት ቱቦ በመንጋጋው ሥር ከገባ ይጨፈለቃል። የውኃ ጠርሙስ መያዣው መንገድ ከዘጋ መንጋጋውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማሸሽ ይቻላል። የካርቦን ፍሬም ያለው ብስክሌት በዚህ ዓይነት ክንድ መያዝ የለበትም፤ አምራቹ ለዚያ የሚሆን ልዩ ማስገቢያ ከሌለው የፊት ጎማ አውልቆ በሹካው የሚይዝ መያዣ ይሻለዋል። ቀበቶው በቸርኬው ላይ፣ በሽቦዎቹ መካከል አልፎ ይታሰራል፤ የአየር መሙያዋ ካለችበት ራቅ ብሎ። ጎማው በቂ አየር ከሌለው ቀበቶው ዛሬ ጠብቆ ነገ ይላላል። ጠርሙስ፣ መብራት፣ ፓምፕ፣ ቦርሳ ሁሉ ይወርዳል። የሕፃን መቀመጫ ደግሞ ነፋስ የሚይዝ ሸራ ስለሚሆን ለብቻው ተነቅሎ መኪና ውስጥ መግባት አለበት። ብስክሌቶቹን በሸራ መሸፈንም እንደዚያው ነው፤ ነፋሱን ይሰበስባል፣ እየተርገበገበም ቀለም ይፍቃል።

መንገድ ላይ ተጎታች ያለው መኪና አንድ ጉብታ ሲያልፍ ተጨማሪ ምት አለው፦ መጀመሪያ በራሱ ጎማዎች፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተጎታቹ ጉብታው ላይ ወጥቶ ኳሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው። ጣሪያው ላይ ያሉት ብስክሌቶች ይህንን ከፊት ወደ ኋላ እንደ መንቀጥቀጥ ይቀበሉታል። ቀድሞ የሚላላው የኋላ ጎማ ቀበቶ ነው። ከተነሱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዴ ቆሞ ማጥበቅ፣ ከዚያም ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር እጅን ሰዶ ብስክሌቱን መነቅነቅ በቂ ነው። ጤነኛ ጭነት ሲነቀነቅ መኪናው አብሮ ይነቃነቃል፤ ብስክሌቱ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ላልቷል። የጎን ነፋስ ሲበረታ ፍጥነት መቀነስ የግድ ነው፣ የነዳጅ ፍጆታም ይጨምራል። ተጣጣፊና ዝቅ ያለ ተጎታች ከሆነ ብስክሌቶቹ ብቻቸውን ነፋሱን ይጋፈጣሉ፤ ረጅም ግድግዳ ያለው ከሆነ ግድግዳው ራሱ ነፋሱን ስለሚቀበል የብስክሌቶቹ ድርሻ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም።

ከፍታ ሌላው ነገር ነው። 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው መኪና ላይ ብስክሌት ሲቆም ወደ 2.6 ሜትር ይደርሳል። ከመሬት እስከ ከፍተኛው ነጥብ በሜትር ለክቶ ቁጥሩን ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ በወረቀት መለጠፍ ይገባል። አደጋው የሚበዛው ተጎታቹ ተፈትቶ ከቆመ በኋላ ነው። ተጎታች ሲጎትቱ ሰው ስለ ስፋትና ከፍታ ያስባል፤ ተጎታቹን ካሳረፉ በኋላ መኪናው ቀለል ስለሚል ጣሪያው ላይ ያለው ይረሳል፣ 2 ሜትር ከፍታ ገደብ ያለው የመኪና ማቆሚያ መግቢያም ያኔ ይመጣል። ተጎታች እንደያዙ ዝቅ ያለ ድልድይ ፊት ከደረሱ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ መንገዱን ቀድሞ ማጥናት ይጠይቃል።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ዕቃው ምን ይመስላል? ክንዱና ቦዩ አልተጣመሙም፣ የክንዱ ማጠንጠኛም ልክ ሲደርስ ዛሬም ጠቅ ይላል። ያረጀው ትንንሹ ነገር ነው። የቀበቶዎቹ ጥርሶች መካከል አቧራና ጭቃ እየገባ መንሸራተት ጀምረው ነበር፤ በለብ ያለ ውኃና በጥርስ ብሩሽ ሲታጠቡ ተመልሰው ያዙ። ፀሐይ የመታው የቀበቶ ጫፍ ነጣ ብሏል፣ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ መለወጥ አለበት። የመቆለፊያዎቹ ጉድጓድ በአቧራ ስለደረቀ ቁልፉ በግድ ይዞር ነበር፤ ዘይት አቧራ ስለሚስብ የደረቀ ግራፋይት ዱቄት ነው የፈታው። ሁለት ቡሎኖች ራሳቸው ላይ ዝገት ይዘዋል፣ ጥንካሬያቸውን የነካ ነገር ግን የለም።

የሚያሳስበው ጉዳት የብስክሌቱ ላይ ነው። በመንጋጋው ጎማ ላይ የተቀመጠ ደቃቅ አሸዋ በመንቀጥቀጡ ምክንያት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። በአንደኛው ፍሬም ላይ ጥፍር የምታክል ቦታ ቀለሙ ደብዝዟል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ከመጫን በፊት መንጋጋውንም ቧንቧውንም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ እንዲሁም በሚጨበጥበት ቦታ ላይ ግልጽ የቀለም መከላከያ ፕላስቲክ መለጠፍ። የአግዳሚዎቹ እግር የሚያርፍበት የመኪናው ጣሪያም እንዲሁ ነው፤ በየሦስት ወሩ ነቅሎ ሥሩን ማጠብ ቀለሙን ያተርፋል።

ከ18 ኪሎ በታች የሚመዝን የብረት ወይም የአሉሚኒየም ብስክሌት ሁለት ላለው፣ የመኪናው ጣሪያም ዝቅ ላለ ሰው ይህ መያዣ ተጎታች እየጎተቱ ብስክሌት ለመውሰድ ከሁሉም የተሻለ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ መኪና ላለው ወይም ብስክሌቱ ባለ ባትሪ ለሆነ ሰው ገንዘቡን እዚህ ባያውለው ይሻላል። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የተጎታቹን ወለል ነው፦ የፊት ጎማዎቹን አውልቆ ብስክሌቶቹን በአክስሉ ላይ ማቆምና ወለሉ ላይ ባሉ ቀለበቶች ማሰር የኳሱን ጭነት ብዙም አይለውጥም፣ ብስክሌቶቹንም ከአቧራና ከዝናብ ያድናል። የተጎታቹ የመጫን አቅም መቻሉ ግን ይረጋገጥ።

ለጉዞ መኪና ውስጥ የሚቀመጡት፦ አንድ ትርፍ የጎማ ቀበቶ፣ ለቡሎኖቹ ልክ የሆነው ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ ለመጫን መቆሚያ የሚሆን አጭር በርጩማ። ተጎታቹ ከተያያዘ በኋላ ከጀርባ ሆኖ ማንሳት ስለማይቻል ሥራው በሙሉ ከጎን ነው፣ ፔዳሉም በሩን እንዳይጭር በመኪናው በኩል ያለውን ወደ ላይ አዙሮ ማንሳት። የመቆለፊያ ቁልፎቹ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ደግሞ ቤት ውስጥ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ቢጠፋ ምትኩ የሚታዘዘው በዚያ ቁጥር ነው።