የኤጂያን ባሕር የፑሽባክ ካርታ፦ አንዷን ነጥብ ከፍታችሁ እዩ

የመብት ጥሰቶችን በቪዲዮና በካርታ የሚመረምረው ፎረንሲክ አርክቴክቸር ከእህት ድርጅቱ ከፎረንሲስ ጋር የሠራውን ድረ ገጽ ሰሞኑን ቁጭ ብዬ አየሁት። በግሪክና በቱርክ መሃል ባለው ባሕር ላይ ስደተኞች በግሪክ በኩል ተይዘው ወደ ኋላ የተገፉባቸውን (ፑሽባክ የሚባለው ይህ ነው)፣ ማስረጃ የተገኘላቸውን አጋጣሚዎች በካርታ ያሳያል።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ የሁለት ዓመት 1,018 ክስተቶችን ይዞ ነበር፤ ሰዎቹ 27,464 ናቸው። ግን ቁጥሩ ላይ አትቁሙ። አንዷን ነጥብ ንኩና ግቡ። ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ ስንት ሰው እንደነበረ አለ፣ ብዙ ጊዜ ፎቶ ወይም ቪዲዮም አለ። ብርቱካናማ ታንኳ ታያላችሁ፤ ከላይ እንደ ድንኳን የተሸፈነ፣ ሞተር የሌለው። ይህ ታንኳ እኮ መርከብ ሲሰምጥ ነፍስ እንዲያድን የተሠራ ነው። እዚህ ግን ሰዎቹን ጭነውበት ነፋስና ሞገድ ወደ ቱርክ እንዲገፋቸው ለቀዋቸዋል። ከዓይኔ አልጠፋ ያለው እሱ ነው።

እኔን ያሳመነኝ አሠራሩ ነው። እከሌ እንዲህ አለ ተብሎ ብቻ አይመዘገብም። በቪዲዮው ጀርባ የሚታየውን ተራራ ከእውነተኛው የባሕር ዳርቻ ጋር ያስተያያሉ፣ የቱርክ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ሰዎቹን የት እንዳገኛቸው ያወጣውን መረጃ ያመሳክራሉ፣ ባሕር ላይ የተቸገሩ ስደተኞች የሚደውሉለት አላርም ፎንና የስደተኛ ጀልባዎችን የሚከታተለው ኤጂያን ቦት ሪፖርት የሰበሰቡትንም ይጨምሩበታል። አድካሚ ሥራ ነው። ደግ ሥራም ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ነው። የተገፉት ሰዎች ደጋግመው እንደሚናገሩት፣ የሚይዟቸው ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ቶሎ ብለው የሚቀሙት ስልክ ነው። እናም ከጀልባ ከተላከ ቪዲዮ ጀርባ ስልኩን ደብቆ ያተረፈ ሰው አለ። ስልኩን የተቀማ፣ ማንም ያላየው ሰው ደግሞ ነጥብም ላይኖረው ይችላል። ካርታው ላይ ባዶ ውሃ ስታዩ እዚያ ምንም አልተፈጸመም ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ይፈይዳል ለምትሉ፦ ጣሊያን በ2009 ከደሴቷ ከላምፔዱሳ በስተደቡብ ባሕር ላይ ይዛ ሊቢያ፣ ትሪፖሊ ያወረደቻቸው 11 ሶማሊያውያንና 13 ኤርትራውያን በ2012 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፈርዶላቸዋል። ጣሊያን ሰዎቹን መመለሷን አልካደችም ነበር። የግሪክ መንግሥት ግን ፑሽባክ የሚባል ነገር የለም እያለ ነው የኖረው። ስለዚህ ማስረጃው የተበዳዩ ዕዳ ሆነ። በጥር 2025 ይፋ በሆነ ውሳኔ ያው ፍርድ ቤት ከግሪክ ደሴቶች ሰዎችን መመለስ የተለመደ አሠራር እንደነበር የሚያሳይ ጠንካራ ምልክት አለ አለ፤ ሆኖም ከሳሞስ ተገፋሁ ያለውን የአንድ አፍጋናዊ ልጅ አቤቱታ፣ በአንተ ላይ ስለመፈጸሙ ማስረጃህ አይበቃም ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ።

በሚያዝያ 2023 በግሪኳ ደሴት ሌዝቮስ ሰዎች ተይዘው ባሕር ላይ የተጣሉበት ድርጊትም እንዲሁ ተሸፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። አንድ አክቲቪስት ከሩቅ ቀርጾት ኒውዮርክ ታይምስ ባያወጣው ኖሮ ማን ያምን ነበር? ከተጣሉት 12 ሰዎች መካከል ሶማሊያውያን፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የስድስት ወር ሕፃንም ነበረች ወይም ነበረ፣ ብቻ ጨቅላ ነው።

የድረ ገጹን ጉድለትም ልናገር። አማርኛ የለውም፣ እንግሊዝኛ የማይሆንለት ሰው የራሱን ታሪክ ማንበብ አይችልም። ደግሞም መዝገብ ነው እንጂ የነፍስ አድን መስመር አይደለም። ባሕር ላይ ችግር ሲደርስ የሚደወለው ለአላርም ፎን ነው፤ ከጥቅምት 2014 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ሌት ተቀን ስልክ ያነሳሉ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የተገፋ ዘመድ ቪዲዮ ልኮላችሁ ከሆነ አታጥፉት። እሱም ስልኩ ላይ ያለውን ዋናውን ፋይል እንዳያጠፋ ንገሩት፤ በዋትስአፕ ሲላላክ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ ብዙ ጊዜ ከውስጡ ይጠፋል።