ከክስ ሂደት መውጣት ወይስ የቅጣት ገደብ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ሁለቱንም «ከእስር መዳን» ብሎ ያያቸዋል። አንድ አይደሉም። ገደብ፣ ማለትም ቅጣቱ በቅድመ ሁኔታ ታግዶ ሰውየው ከወህኒ ውጭ የሚቆይበት፣ የሚመጣው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው፤ ወህኒ ባይወርድም ፍርዱ አለ። ከክስ ሂደት በመውጣት (በአማራጭ እርምጃ) ግን ዐቃቤ ሕግ ክሱን ለጊዜው ያቆየዋል፤ ተከሳሹ ለተበዳይ ካሳ ይከፍላል፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሠራል ወይም ከሱስ ይታከማል፤ ሲጨርስ ክሱ ይዘጋል። የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ሲባል በአብዛኛው «አያውቅም» ብሎ ይሞላል። (የመያዙ መዝገብ ግን በራሱ ላይጠፋ ይችላል፤ ማሰረዙ ሌላ ጣጣ ነው።)

ስለዚህ እኔ ወደ አማራጩ አደላለሁ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ደካማ ከሆነ ግን አልቸኩልም፤ አንዳንድ ቦታ ወደ አማራጩ ለመግባት ድርጊቱን ማመን ግድ ነው። ግዴታው ካልተፈጸመ ክሱ ይቀጥላል፣ ያ የእምነት ቃልም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል።