አንድ አቧራ፣ ሁለት ካንሰር፦ ሜሶቴሊዮማ እና የሳንባ ካንሰር

አስቤስቶስ (ክር መሰል ማዕድን ነው) አቧራው ሲተነፈስ ሁለቱንም ካንሰሮች ያመጣል። መነሻቸው ግን ይለያያል። የሳንባ ካንሰር ከራሱ ከሳንባው ይነሳል። ሜሶቴሊዮማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳንባን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ይጀምራል። እንደ አንድ እብጠት አይቀመጥም፤ እንደ ልጣጭ ሳንባውን ዙሪያውን ይይዘዋል። ቆርጦ ማውጣት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ሲጋራ ላይ ልዩነቱ ይጎላል። አስቤስቶስ የተነፈሰ ሰው ካጨሰ ለሳንባ ካንሰር ያለው አደጋ ክፉኛ ይጨምራል። ለሜሶቴሊዮማ ግን አጨስክ አላጨስክ ለውጥ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1960 ተመራማሪው ዋግነርና ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪካ የ33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። ሁሉም የአስቤስቶስ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ በማዕድኑ አካባቢ ከመኖር በቀር ሌላ ንክኪ አልነበራቸውም። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው።

በምልክት ይመሳሰላሉ፦ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም። ደም የቀላቀለ አክታ ወደ ሳንባ ካንሰር ያደላል፤ በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠር ደግሞ በሜሶቴሊዮማ በጣም የተለመደ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ሜሶቴሊዮማ ከ20 እስከ 50 ዓመት አድፍጦ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅዎም እርስዎ ይንገሩት፦ በወጣትነትዎ የት ሠሩ? አቧራ የያዘ የማንን የሥራ ልብስስ ያጥቡ ነበር?